የአንባቢያን ጥያቄ፦ ትንሽ ሙዚየም ገብቶ ምን ማየት ይቻላል?

ባለፈው እትም ስለ ደሴ ሙዚየም ካወጣነው አጭር ጽሑፍ በኋላ ከወሎ አካባቢ ብዙ ደብዳቤ ደርሶናል። አብዛኛው ጥያቄ ስለ ጉብኝት ነው። ጥቂቱ ደግሞ ቤት ውስጥ ስላለ ቅርስ ነው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን እንመልሳለን።

«48 የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ይዤ ደሴ ሙዚየም ልሄድ ነው። አምና ባልደረባዬ ሲወስዳቸው ልጆቹ በሃያ ደቂቃ ጨርሰው ወጡ። ምን ባደርግ ይሻላል?» — መምህርት፣ ከኮምቦልቻ

በሃያ ደቂቃ ያለቀው 48ቱም አንዴ ስለገቡ ነው። ደሴ ሙዚየም መጀመሪያውኑ ለሙዚየም ተብሎ የተሠራ ሕንፃ አይደለም፤ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረ ቤት ነው። በመኖሪያ ቤት ክፍል ውስጥ ከ12 ልጅ በላይ ሲቆም ዕቃውን የሚያየው ፊት ያለው ብቻ ነው። ኋላ የቀረው የጓደኛውን ጀርባ ጎብኝቶ ይወጣል።

ስለዚህ በአራት ቡድን ይከፋፍሏቸው፣ 12 ልጅ በአንድ ቡድን። ለአንዱ ቡድን 35 ደቂቃ ቢሰጡ ለአራቱ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ቢጀምሩ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ይጨርሳሉ ማለት ነው። ቀኑ ዓርብ ከሆነ ግን ይጠንቀቁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሳ ሰዓት በሌላው ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ዓርብ ግን ለጁምዓ ሲባል አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል፣ የሚመለሰውም ሰባት ተኩል ነው። አውቶቡሱ ሩብ ሰዓት ከዘገየ አራተኛው ቡድን ሳይጨርስ ይወጣል። የሐረጎን አቀበት ስትወጡ ደግሞ የሚያስመልሰው ልጅ አይጠፋምና ለመንገዱ አንድ ሰዓት ሙሉ ይያዙ፤ ፌስታልም አይርሱ።

ለሙዚየሙ የሚጻፈው ደብዳቤ ከሳምንት በፊት ይድረስ፤ ቁጥርና ማኅተም ይኑረው፣ የልጆቹ ብዛት፣ ቀኑና ሰዓቱም ይጻፍበት። ዋዜማው ላይ ደግመው ይደውሉ። ትንሽ ሙዚየም ላይ ጉብኝት የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፦ ቁልፍ ያዡ ስብሰባ ገብቷል። ሲደውሉ ምን ምን ለእይታ እንደቀረበም ይጠይቁ። ሙዚየሙ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ዝርፊያና ጉዳት ደርሶበታል፤ በድሮ የጉዞ መጽሐፍ ላይ ያነበቡት ዕቃ ዛሬ ላይኖር ይችላል። ልጆቹን «እዚያ ታያላችሁ» ብለው ቃል ገብተው ባዶ መደርደሪያ ከማሳየት ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ተራ የሚጠብቁት ቡድኖች ግቢ ውስጥ ዝም ብለው ከሚቀመጡ ረዳት መምህር ይዟቸው የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ከውጭም ቢሆን ያሳያቸው። ስሙ ለምን «አይጠየፍ» እንደተባለ ከመሄዳቸው በፊት ጠይቀው እንዲመጡ ያድርጉ፤ አያት ያለው ልጅ ሁሉ መልስ ይዞ ይመጣል።

የጥያቄ ወረቀቱ ላይ ሦስት ዕቃ ብቻ ይበቃል። ጥያቄውም ከዕቃው ሥር ካለው መግለጫ የሚገለበጥ አይሁን። «ይህ ምንድን ነው?» ካሉ 48 ተመሳሳይ መልስ ያገኛሉ። «ይህ ዕቃ የት ጋ ተጠግኗል? በምን?» ብለው ይጠይቁ። የተሰነጠቀ የእንጨት ገበታ ስንጥቁ ግራና ቀኝ በወስፌ ተበስቶ በጠፍር ወይም በሽቦ ተሰፍቶ ይታያል። ያንን ያገኘ ልጅ ገበታው ስንት ዓመት እንዳገለገለና ባለቤቱ ለምን አዲስ እንዳልገዛ ራሱ ማሰብ ይጀምራል። መጻፊያቸው እርሳስ ይሁን። የእስክሪብቶ ቀለም ጨርቅ ወይም ብራና ላይ አንዴ ካረፈ አይለቅም።

«ሥዕሎቹ ላይ አንዳንዱ ሰው ሁለት ዓይን አለው፣ አንዳንዱ አንድ ብቻ። ሠዓሊው ረስቶ ነው?» — ከወልዲያ

አልረሳም። በቤተ ክርስቲያን አሳሳል ልማድ ቅዱሳንና ደጋግ ሰዎች ሁለቱም ዓይናቸው እንዲታይ ፊት ለፊት ወይም በትንሹ ዘወር ብለው ይሳላሉ። ክፉው፣ ከሓዲው፣ ሰይጣኑ በጎን ይሳላል፤ በጎን ሲሳል አንድ ዓይን ይቀረዋል። የመጨረሻው ራት ሥዕል ላይ ይሁዳን ለመለየት ይህን ብቻ ማወቅ ይበቃል። በኋላ ዘመን የዓድዋን ጦርነት የሳሉ ሠዓሊዎችም ይህንኑ ይዘው ኢትዮጵያውያኑን በሁለት ዓይን፣ ጣሊያኖቹን በአንድ ዓይን ስለዋቸዋል። ፈረስ ላይ አትፍረዱ፤ ፈረስ ሁልጊዜ በጎን ነው።

ከዓይኑ ቀጥሎ የምናየው ከሰዎቹ ኋላ ያለውን ቀለም፣ መሬቱን፣ ነው። የጎንደር ዘመን አሳሳል ሁለት መልክ አለው። ቀደም ያለው፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 18ኛው መጀመሪያ፣ ጥላ የለውም፤ መሬቱ ወጥ ቀለም ወይም ባዶ ነው፣ የልብሱ እጥፋትም በትይዩ መስመር ይሠራል። ሁለተኛው፣ ከ1730ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተስፋፋው፣ ፊቱ ላይ ጥላ ይጥላል፣ ልብሱ አበባ ያለበት ጨርቅ ይሆናል፣ መሬቱም ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቀይ እየተለወጠ ይሄዳል። መግለጫው «ጥንታዊ ሥዕል» ብሎ ብቻ ካለፈ በዚህ ትለዩታላችሁ።

እመቤታችን ልጇን ታቅፋ እጆቿ እርስ በርስ ተደራርበው፣ በእጇ ትንሽ መሐረብ ይዛ፣ ሁለት ጣቶቿን ዘርግታ ካያችሁ ደግሞ የሥዕሉ ምንጭ ሮም፣ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለው ሥዕል ነው። ግልባጩ በኢየሱሳውያን (በካቶሊክ ሚሲዮናውያን) በኩል ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደገና እየተሳለ አገሬው የራሱ አድርጎታል።

ቀጥሎ ጠርዙን እዩ፤ ጎብኚ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል ብዙውን ጊዜ በግድግዳው ላይ ሳይሆን በጥጥ ጨርቅ ላይ ተስሎ የሚለጠፍ ነው። ከግድግዳ ተነቅሎ የመጣ ሥዕል ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ፣ ወላውሎ የሄደ ነው፤ አንዱ መልአክ ክንፉ፣ አንዱ ፈረሰኛ ጦሩ ተቆርጦ ይቀራል። ጀርባው ከታየ ጭቃና የገለባ ስባሪ ተጣብቆበት ታገኛላችሁ። ለገበያ ተብሎ የተሳለው ግን ሁሉም ነገር ፍሬሙ ውስጥ ተስተካክሎ ይገባል፤ ማንም አይቆረጥም። የተቆረጠ ሥዕል ካያችሁ ከየት ቤተ ክርስቲያን እንደመጣና መቼ እንደመጣ አስጎብኚውን ጠይቁ፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ብራናም ላይ ጠርዝ ይናገራል። በዕድሜ የቆሸሸ መጽሐፍ ቆሻሻው አውራ ጣት በሚያርፍበት፣ ቅጠሉ በሚገለጥበት የታች ጥግ ላይ ነው የሚበዛው። ጭስ ላይ ተሰቅሎ «ያረጀ» መጽሐፍ ግን ከጥግ እስከ ጥግ እኩል ይጠይማል።

«ፍላሽ ክልክል ነው አሉኝ። ፀሐይ ግን በመስኮት በኩል ብራናው ላይ ቀጥታ ይወርድ ነበር። ይሄ ቀልድ አይደለም?» — ከደሴ

እውነትዎን ነው፤ የበለጠ የሚጎዳው መስኮቱ ነው። ብራና፣ ጨርቅና ወረቀት ለእይታ ሲቀመጥ የሚመከረው የብርሃን መጠን 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ገደማ ነው፤ ለዘይት ቀለም ሥዕል 200 ገደማ። የቀትር ፀሐይ ወደ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። የብርሃን ጉዳት ይጠራቀማል እንጂ አይረሳም፤ ብርሃኑ ሲቀነስ የነጣው ቀለም አይመለስም። እንግዲህ ያስሉት፦ አንድ ብራና በ50 ሉክስ አሥር ሰዓት ሙሉ ለጎብኚ ቢቀርብ የሚቀበለው 500 ሉክስ ሰዓት ነው። በቀጥታ ፀሐይ ይህንን የሚጨርሰው በ18 ሴኮንድ ነው።

ፍላሽ የሚከለከለው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱ ሲያበራ ሌላው ይከተላል፣ ብልጭታው ሌላውን ጎብኚ ይረብሻል፣ መስታወት ላይም አርፎ ፎቶውን ያበላሻል። በነገራችን ላይ መስኮቱን ለኃላፊው ይንገሩ፤ አራት ሜትር ወፍራም አቡጀዲ ለመጋረጃ ይበቃል።

ያለ ፍላሽ ጥሩ ፎቶ ለማንሳት፦ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ይቁሙ። ጥቁር ጃኬት የለበሰ ጓደኛ ከኋላዎ ይቁም፤ መስታወቱ ላይ የሚያርፈው የመስኮት ነጸብራቅ ይጠፋል። ነጭ ጋቢ የለበሱ ከሆነ ራስዎን ነው የሚያነሱት። ስልኩን መስታወቱ ላይ አያስደግፉ፤ በአሮጌ ሣጥን ላይ መስታወቱ የሚያዘው በሁለት ምስማር ብቻ ሊሆን ይችላል።

«የመግቢያ ዋጋ ስንት ነው?» — ብዙ ሰው

ስለሚለዋወጥ እዚህ አንጽፍም፤ ሲደውሉ ይጠይቁ። ዝርዝር ብር ይያዙ፣ ደረሰኝም ይቀበሉ።

«አያቴ ሼህ ነበሩ። በእጅ የተጻፉ የዐረብኛ ኪታቦች በሣጥን ትተውልናል። ሙዚየም ለኤግዚቢሽን ስጡን አለን። ቤተሰቡ ፈራ። እስቲ ምከሩን።» — ከከሚሴ

አብሽር፣ መፍራታችሁ ትክክል ነው፤ መስጠትና ማዋስ ሳይለያዩ የጠፋ ኪታብ ብዙ ነው። መጀመሪያ ያላችሁን እወቁ።

ኪታቡን ስትከፍት በቀኝ እጅህ ባለው ገጽ፣ ከታች በግራ ጥግ፣ ከጽሑፉ ወጣ ብላ ዘመም ያለች አንዲት ቃል ታገኛለህ። የሚቀጥለው ገጽ የመጀመሪያ ቃል ናት። ገጽ በቁጥር ስለማይቆጠር ቅጠሉ እንዳይዛባ የሚደረግ ነው። እያንዳንዷን ቃል ከሚቀጥለው ገጽ መጀመሪያ ጋር አስተያይ፤ የማይገጥምበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ ቅጠል ጎድሏል። ይህን ከማዋስህ በፊት መዝግብ፤ በኋላ «ከናንተው ነው የጎደለው» ከሚል ክርክር ያድናል።

ወረቀቱን በመስኮት ብርሃን ላይ ያዘው። ሦስት ጨረቃ በተርታ ካየህ ለምሥራቁ ገበያ ከቬኒስ አካባቢ ይላክ የነበረ ወረቀት ነው። የመጨረሻው ቅጠል ላይ ደግሞ የጸሐፊው ስምና የሂጅራ ዓመት ሊኖር ይችላል። ሂጅራውን በ0.97 አባዝተህ 622 ደምርበት፤ የአውሮፓውያኑን ዓመት ትቀርባለህ። 1310 ሂጅራ ብሎ ከሆነ ወደ 1892 ወይም 1893 ይመጣል፤ በእኛ 1885 ዓ.ም. ገደማ ነው።

ፊደሉ ዐረብኛ ሆኖ ስታነበው አማርኛ ከሆነብህ አትደናገጥ፤ አጀሚ ነው። የዐረብኛ ፊደል ላይ ለሌሉት ድምፆች ነጥብ እየተጨመረ የተጻፈ አማርኛ ነው። ወሎ በዚህ የታወቀ ነው፤ ሼህ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር መንዙማቸውን በአማርኛ አጀሚ ያስተላለፉት ከዚሁ ነው። እንዲህ ያለ ቅጠል ካለህ ከዐረብኛው ኪታብ የበለጠ ብርቅ ሊሆን ይችላልና ለይተህ መዝግበው።

አያያዙ፦ ፌስታል ውስጥ አታስቀምጥ፤ እርጥበት ያፍናል፣ ሻጋታ ያወጣል። በታጠበ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለህ፣ ሣጥኑን ከወለል 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርግ። የተቀደደውን በፕላስተር አታጣብቅ፤ ሙጫው ከጥቂት ዓመት በኋላ ቡናማ ይሆናል፣ ሲነሣም ፊደሉን ይዞ ይነሣል። ላሚኔት ማድረግማ ከዚያም የከፋ ነው፤ መመለሻ የለውም። ስትከፍተው ሙሉ በሙሉ አትዘርጋው፤ ሽፋኖቹን በተጠቀለለ ነጠላ ከሁለቱም ወገን ደግፈህ ከቀጤ ማዕዘን (90 ዲግሪ) ብዙም ሳታልፍ ክፈተው። ጓንት አያስፈልግም፤ ታጥቦ የደረቀ እጅ ይሻላል፣ ጓንት የሳሳ ቅጠል ጠርዝ ይይዛልና።

ለሙዚየሙ የምትሰጡት በደብዳቤ፣ በማኅተም፣ «ውሰት» ተብሎ ይሁን። የእያንዳንዱ ኪታብ ቁመትና ወርድ በሳንቲ ሜትር፣ የቅጠሉ ብዛት፣ የጎደለውና የተቀደደው ቦታ፣ የሚመለስበት ቀን፣ ተጠያቂ የሚሆነው ሰው ስም ይግባበት። ፎቶ አንሥታችሁ ሁለቱም ወገን ፈርሙበት። መጽሐፉ ክፍት ሆኖ የሚታየው የትኛው ገጽ ላይ እንደሆነም ጻፉ፤ ሦስት ወር አንድ ገጽ ላይ ተከፍቶ የቆመ ኪታብ ጀርባው ይሰበራል፣ ያ ገጽም ይነጣል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በግለሰብ እጅ ያለ ቅርስ ይመዘገባል፤ ያለ ፈቃድም ከአገር አይወጣም። መመዝገብ ማለት ግን መወረስ ማለት አይደለም፤ ባለቤትነቱ የእናንተው ነው።

«ሐይቅ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም አሉኝ። ሥዕሉንና ብራናውን ማየት ለኛ አልተፈጠረም?» — ከመርሳ፣ በሦስት እህትማማቾች ስም

ገዳሙ ለሴቶች አይፈቀድም፤ ይህን የምንለውጠው እኛ አይደለንም። ግን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል፣ የራሳቸው ሥዕል ያለበት፣ በማይክሮፊልም ተቀርጿል። ቁጥሩ ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. (የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት) 1832 ነው። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣችሁ ብታዩት ወንዶቹ በመስታወት ሣጥን ከሚያዩት አንድ ገጽ የበለጠ ታያላችሁ።

ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል ከሆነ የምትፈልጉት፣ መንገዱን ወደ ላሊበላ አድርጉት። ቤተ ማርያም ጣሪያዋና ቅስቷ ሳይቀር የተሳለ ነው። ከላሊበላ ወጣ ብሎ ያለው ገነተ ማርያም ውስጥ ደግሞ የዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን፣ የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥዕል አለ፤ የንጉሡ መልክም እዚያው ነው። ውስጡ ጨለማ ነው። ትንሽ ባትሪ ይዛችሁ፣ ካህኑን አስፈቅዳችሁ፣ ብርሃኑን ሥዕሉ ላይ ቀጥታ ሳይሆን ከጎን አንሸራትቱት፤ የተነሣው ቀለምና የቀድሞው መስመር ያኔ ነው የሚወጣው። ነጠላ አይረሳ። ወፍራም ካልሲም ልበሱ፤ ጫማ አውልቃችሁ ምንጣፍ ላይ ስለምትቆሙ ቁንጫው ምሕረት የለውም።

«አምስት ጓደኛሞች ነን፣ የሥዕል ተመራቂዎች። ደሴ ላይ አንድ አዳራሽ ተፈቅዶልን ዐውደ ርዕይ ልናዘጋጅ ነው። አሰቃቀሉ ላይ ምን እንጠንቀቅ?» — ከደሴ

ልኩ አንድ ይሁን፦ የእያንዳንዱ ሥዕል መሐል ከወለል 150 ሳንቲ ሜትር ላይ ይረፍ። ተማሪ የሚበዛበት ከሆነ 135 አድርጉት። ከላይ ወይም ከታች ጠርዝ ማስተካከል ትልቅና ትንሽ ሥዕል ሲቀላቀል አዳራሹን ያዛባዋል። የምስማሩ ቦታ ሒሳቡ ይህ ነው፦ 150 ሲደመር የሥዕሉ ቁመት ግማሽ፣ ሲቀነስ ከጀርባ ያለው ሽቦ ሲወጠር ከላይኛው ጠርዝ የሚርቅበት ልክ። ቁመቱ 80፣ ሽቦው 6 ዝቅ የሚል ከሆነ ምስማሩ 150+40−6፣ ማለት 184 ላይ ይመታል። ሽቦውን በእጅ ወጥራችሁ ለኩ፤ ላልቶ ሳለ የለካ ሰው ሥዕሉ ሁሉ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ወርዶ ያገኘዋል።

ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ምስማሩ ዛሬ ይይዛል፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ከነልስኑ ይወድቃል። ከጣሪያው ሥር ካለው ማገር ላይ ጣውላ አጋድማችሁ ከዚያ በሲባጎ አውርዱ። ሲባጎው ናይለን ይሁን፤ የጥጡ በእርጥበት ይጠብቃል፣ ሲደርቅ ይላላል።

እርጥበቱን ደግሞ የደሴ ልጅ ናችሁና አንነግራችሁም፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ቤት ይገባል። ሸራ እርጥበት ሲጠጣ ይረግባል፣ ሆዱ ይነፋል። በየሥዕሉ ጀርባ ታችኛው ሁለት ጥግ ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚወፍር የቡሽ ቁራጭ አጣብቁ፤ ከግድግዳው ርቆ አየር ያገኛል። የውጭው ግድግዳ ላይ የወረቀት ሥራ አትስቀሉ፤ የውስጥ ግድግዳ ላይ አድርጉት።

የመግለጫው ፊደል ከ18 ነጥብ አይነስ፤ ከሥዕሉ በስተቀኝ፣ ከወለል 140 ላይ። ስም፣ ርዕስ፣ ዓመት፣ በምን እንደተሠራ፣ ልክ። ፍልስፍናውን ተዉት፣ ጎብኚው ካለ ይጠይቃችኋል። ተራ አውጥታችሁ ሁልጊዜ አንዳችሁ በር ላይ ተገኙ።

«ሙዚየም ያየሁትን ዓይነት ጠገራ ብር አያቴ ሣጥን ውስጥ አገኘሁ፤ 1780 ይላል። የ240 ዓመት ዕቃ ነው?» — ከሐይቅ

ላይሆን ይችላል። ብሩ ላይ መልኳ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም ሲመታ ነበር። ትክክለኛ መሆኑን ለማወቅ መዝነው፤ 28 ግራም ገደማ መምጣት አለበት፣ ስፋቱም 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ። ከደረቷ በታች ሁለቱን ፊደል «ኤስ ኤፍ» ፈልግ። ዙሪያውን ጠርዙ ላይ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍ አለ፤ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ የተቀዳ የውሸት ብር እዚህ ጽሑፍ ላይ ነው የሚጋለጠው፣ ፊደሉ ይደበዝዛል ወይም መሐል ለመሐል የመጋጠሚያ መስመር ያልፍበታል። ጠቁሮ ከሆነም በሎሚና በአመድ አትፈግፍገው፤ ሰብሳቢ የሚፈልገው ያንኑ ጥቁረት ነው።